ጭነት የሚፈታበት ቦታ፦ ጀልዴሳ፣ ድሬዳዋና የምሥራቅ ኢትዮጵያ የንግድ መልክዓ ምድር



ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ «የምድር ባቡርና የምሥራቅ ኢትዮጵያ ኢኮኖሚ» የሚል ነበር። ርእሱ መልካም ነው። ሆኖም ለረጅም ዓመታት ይህንኑ ጉዳይ ሳስተምር ከቆየሁ በኋላ ነገሩ ከባቡሩ እንደማይጀምር፣ በባቡሩም እንደማያበቃ ተረድቻለሁ። ስለዚህ ባቡሩን ከመካከል አስቀምጬ፣ ከእርሱ በፊት ስለ ነበረው ግመልና በቅሎ፣ ከእርሱም በኋላ ስለ መጣው ተሳቢ መኪና ለመናገር ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። የኩባንያው ሰነዶች፣ ውሎቹና የመንገደኞቹ ማስታወሻዎች ሁሉ ዘመናቸውን የሚቆጥሩት እንደ አውሮፓውያን ነውና፣ በእያንዳንዱ ዓመት ላይ ሰባትና ስምንት እየቀነስኩ እንዳላደናግራችሁ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ያደግሁት በአፍደም ነው። አፍደም በድሬዳዋና በሚኤሶ መካከል ያለች የባቡር ጣቢያ ናት። አባቴ በጣቢያው ጸሐፊ ነበር። በልጅነቴ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ነገር ውኃችን በባቡር መምጣቱ ነበር። እናቶች እንስራቸውንና በርሜላቸውን ይዘው ሐዲዱ ዳር ይሰለፋሉ፤ የውኃው ፉርጎ ሲደርስ የሚሆነውን ግርግር ዛሬም አልረሳውም። በዚያ ዕድሜዬ ባቡር ማለት ለእኔ የሚሄድ ነገር ሳይሆን የሚቆም ነገር ነበር። ሳይቆም ያለፈ ባቡር ለአፍደም አቧራ ብቻ ነው። ይህን የልጅ ሐሳብ ወደ ጥናት ለመመለስ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ በመካከሉም፣ ቆይቼ እንደምናዘዘው፣ ተሳስቼ ነበር።

የአገራችን የጂኦግራፊ ትምህርት ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ይጀምራል። ከፍታ፣ ዝናብ፣ አፈር፣ ከዚያም እህል፣ ቡናና ከብት ይከተላሉ። አንድ አካባቢ ሀብታም ወይም ድሃ የሚሆነው በውስጡ በሚያበቅለው ነው ማለት ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። የሚበቅልባቸው አንዳች ነገር ሳይኖር የከበሩ ከተሞች አሉን። በጎን ደግሞ ቡናና ጫት እያመረቱ ከተማ ያላፈሩ ወረዳዎች አሉን። ይህን ለመረዳት አራተኛ ጥያቄ መጨመር ያስፈልጋል፤ ጭነቱ የሚፈታው የት ነው? ዕቃ ከአንድ አጓጓዥ ወርዶ በሌላ አጓጓዥ ላይ በሚጫንበት ስፍራ ሰው ማደር ግድ ይለዋል። ያደረ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ገንዘብ ይመነዝራል፣ ይበደራል። መንግሥትም ቀረጥ ለመሰብሰብ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም፤ ተዘርግቶ የወረደ ዕቃ ለመቁጠር ይመቻልና። ኬላ ሁልጊዜ ከዚህ ዓይነት ቦታ የማይርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ምሥራቁ ቁልቁለት እንሂድ። ከሸዋ እስከ ሐረርጌ የተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ለዘመናት ሁለት እንስሳትን ለይቶ ኖሯል። ግመል የበረሃ ነው። ብርዱና ጭቃው ይጎዳዋል፤ ዳገቱና የሚያንሸራትተው ድንጋይ እግሩን ይሰብረዋል። በቅሎና አህያ ደግሞ ዳገት ይወጣሉ እንጂ ውኃ የሌለበትን የብዙ ቀን መንገድ አይችሉም። ስለዚህ ከባሕር የመጣ ጭነት በደጋው ግርጌ መውረዱ አይቀርም ነበር። በሸዋ በኩል ይህ ቦታ አልዩ አምባ ነበር። ከአንኮበር በታች ያለች፣ የዓርብ ገበያዋ የታወቀ፣ ሙስሊም ነጋዴዎች የበዙባት ከተማ ናት። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ገጸ በረከት ይዞ ሲመጣ፣ ግመሎቹ ከግርጌው ተራግፈው ዕቃው ወደ አንኮበር የወጣው በሰው ትከሻ ነው። ሃሪስ ይህን የጻፈው በመገረምና በጥቂት ንቀት ነው። እኛ ግን ስናነበው ሥርዓቱን እናያለን። ቁልቁለቱ ራሱ የንጉሡ ኬላ ነበር።

በሐረርጌ በኩል ደግሞ ጀልዴሳ ነበረች። ስሟን ከዚህ አዳራሽ ስንት ሰው እንደሚያውቀው መጠየቅ እፈራለሁ። ከዛሬዋ ድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ግን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚመጣ ቅፍለት ሁሉ የሚያርፍባት ነበረች። ከዘይላ እስከ ጀልዴሳ ግመሉና ጥበቃው የሶማሌው ነው፤ ነጋዴው በእያንዳንዱ ጎሣ ምድር የሚያሳልፈው «አባን» የሚባል ዋስና ጠባቂ ሊኖረው ይገባል። ጀልዴሳ ሲደርስ ግመሎቹ ይራገፋሉ፣ አባኑ ይሸኛል፣ ዕቃው በሐረርጌ ገበሬዎች አህያና በቅሎ ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ወደ ሐረር በር ይወጣል። ሲመለስ ቡናው፣ ቆዳው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ በዚያው በር ወጥቶ በጀልዴሳ ከበቅሎ ወደ ግመል ይዛወራል። ሐረርን የያዘ ሁሉ ጀልዴሳን መያዝ ነበረበት። በ1887 መጀመሪያ ምኒልክ ሐረርን ከያዙና ራስ መኮንን ከተሾሙ በኋላም የአውራጃው ገቢ ትልቅ ክፍል በዚህ መንገድ ላይ ከሚሰበሰበው ቀረጥ የሚመጣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። ጀልዴሳ ምንም አታመርትም ነበር። ከተማነቷን ያገኘችው ከሁለት እንስሳት ድክመት ነው።

በመጋቢት 1894 አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ። ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ከኢልግ ጋር የሠራው ሌዮን ሸፍነ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር። መንገዱ በሦስት ክፍል ታቅዶ ነበር። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ይህን የወረቀት መሥመር በካርታ ላይ አስምራችሁ ብታዩት የአገሪቱን ፊት ከሰሜን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዞር ታላቅ ሐሳብ ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ጅቡቲ ራሷ ያን ጊዜ አዲስ ነበረች፤ ፈረንሳዮች ከኦቦክ ወደ እርሷ የተሻገሩት በ1888 ነው። ግንባታው እንደታሰበው አልቀለለም። ሙቀቱ፣ የውኃ እጦቱ፣ መሬቱ የግጦሹ የሆነው የኢሳ አርብቶ አደር ተቃውሞ፣ ከሁሉም በላይ የገንዘብ ማጣት ኩባንያውን አደከመው።

ከዚያም ደጋው ተጋረጠ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከግርጌው ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይህን ሁሉ ከፍታ ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ለከሰረ ኩባንያ የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሐረርን በደጋዋ ላይ ትተው፣ ደቻቱ በሚባለው፣ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ በሆነው ወንዝ ዳር ሐዲዱን አሳረፉ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ እዚያ ደረሰ። ምኒልክ ለቦታው «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ሰጡት፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም።

ኑዛዜዬ እዚህ ላይ ነው። የዶክትሬት ማሟያዬን ስጽፍ ድሬዳዋን የፈጠረው መልክዓ ምድሩ ነው ብዬ ተከራክሬ ነበር። ግመል ያልወጣውን ባቡርም አልወጣውም፤ ስለዚህ ጀልዴሳን የፈጠረው ቁልቁለት ድሬዳዋንም ፈጠረ የሚል፣ ንጹሕና የሚያምር ክርክር ነበር። ፈታኞቼ ወደዱት፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ወደድኩት። ችግሩ በኋላ የመጣው ሌሎቹን ጣቢያዎች ስመለከት ነው። ሚኤሶም በጨርጨር ደጋ ግርጌ ናት፤ ከበላይዋ ቡና የሚያበቅለው የአሰበ ተፈሪ አገር አለ። አፍደምም፣ ኤረርም በዚያው ጠርዝ ላይ ናቸው። ቁልቁለቱ ብቻውን ከተማ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ድሬዳዋ በሆኑ ነበር። አልሆኑም። ታዲያ ድሬዳዋ ምን አላት?

መልሱ፣ አሁን እንደማምነው፣ ባቡሩ እዚያ መቆሙ ነው። መድረሱ አይደለም፤ መቆሙ።

በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት የተቸገረውን ኩባንያ ለማዳን ገንዘብ ሲያቀርብ በልዋጩ በኩባንያው ላይ ከፍ ያለ ቁጥጥር ያዘ። ይህ ስምምነት ምኒልክን ሳያማክር የተደረገ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ የባዕድ መንግሥት መሣሪያ ሲሆን ባዩ ጊዜ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወዲህ እንዲቀጥል አልፈቀዱም። እንግሊዞችና ኢጣሊያኖችም በበኩላቸው ፈረንሳይ ብቻዋን ወደ መካከል አገር እንድትገባ አልፈለጉም። ሦስቱ መንግሥታት በታኅሣሥ 1906 በለንደን ተፈራርመው የባቡር ጥቅማቸውን በካርታ ላይ ተከፋፈሉ፤ የአገሩ ባለቤት በክፍፍሉ አልነበረበትም። ኩባንያው ከሠረ። ነገሩ የተፈታው በጥር 1908 ነው። አዲሱ ፈቃድ የተሰጠው የምኒልክ ሐኪም ለነበረው፣ ከጓደሉፕ ደሴት ለመጣው ለጥቁሩ ዶክተር ለቪታልየን ነው። ሥራው በአዲስ ኩባንያ እንደገና ተጀመረ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ስለዚህ ከ1902 ጀምሮ ሰባት ዓመት ያህል ድሬዳዋ የሐዲዱ መጨረሻ ነበረች። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ እያንዳንዱ የአቡጀዲ ጣቃ፣ እያንዳንዱ ቆርቆሮ፣ እያንዳንዱ ጠመንጃ ከፉርጎ ወርዶ በግመል ወይም በበቅሎ ተጭኗል። ግመሉ በቆላው፣ በአዋሽ በረሃ በኩል ይሄዳል፤ በቅሎው በጨርጨር ተራራ ላይ ይሄዳል። የሁለቱም መንገዶች መነሻ አንድ ግቢ ነው። መጋዘን የሌለው ነጋዴ መጋዘን ሠራ፤ ወኪል የሌለው ወኪል አስቀመጠ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው በአንድ ደረቅ ወንዝ ሁለት ዳር ሰፈረ። በአንደኛው ዳር ፈረንሳዮቹ ቀጥ ባለ መሥመር ያሰመሩት ከዚራ፣ በሌላው ዳር በራሱ ሕግ ያደገው መጋላ። የከዚራን ጥላ ያዩ ሰዎች የድሬዳዋን ውበት ለፈረንሣይ ፕላን ይሰጣሉ። እኔ ግን ለምኒልክ ቁጣ ድርሻውን ልስጠው እላለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳዮችን ወዲያው ቢያሳልፏቸው ኖሮ ድሬዳዋ አንዲት ሌላ ሚኤሶ ትሆን ነበር።

ያችን ከተማ ስናደንቅ ግን የሌሎቹን ዕጣ መቁጠር አለብን። ጀልዴሳ በአንድ ትውልድ ውስጥ ፈረሰች። ዘይላ፣ በኢብን ባጡጣ ዘመን እንኳ ስሟ የታወቀች ወደብ፣ ንግዷን ለጅቡቲ ለቅቃ ደከመች። አልዩ አምባ መዲናው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ጀምሮ የተዳከመ ገበያዋን ባቡሩ ጨረሰው። ሐረር አልፈረሰችም፤ ቡናዋና ጫቷ ነበሩላት፤ ነገር ግን የገበያ በር መሆኗ ቀርቶ በደንገጎ ዳገት ወደ ድሬዳዋ ጭነት የምታወርድ የደጋ ከተማ ሆነች። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን «ባቡሩ አገሪቱን ለዓለም ንግድ ከፈተ» ይላሉ። ከፈተ። የቆዩ በሮችንም ዘጋ፤ ይህኛውን ግን አንጽፈውም።

ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ድሬዳዋ ለምን አልወደቀችም የሚል ጥያቄ ተማሪዎች ሁልጊዜ ያነሡብኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በእኔ አመለካከት ሰባቱ ዓመታት ከተማዋን በቀላሉ የማይነሣ ነገር አስታጥቀዋታል። የባቡሩ ትልቁ የጥገና ወርክሾፕ እዚያ ነበር፤ ብየዳ፣ ቅርጻ ቅርጽና ሞተር የሚያውቅ የሠራተኛ መደብ እዚያ ተወለደ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሲተከሉ የተተከሉት ይህ ሠራተኛ ባለበት ነው። ከፈረንሳይኛ የወረስናቸው ቃላትም የዚያ ዓለም ትዝታ ናቸው። ለገሃር የምንለው የፈረንሳዮቹ ጣቢያ ነው፤ አዛውንቱ ዛሬም ሽሚንደፈር ይላሉ፤ ፈጣኗን የመንገደኛ ባቡር ደግሞ ከኢጣሊያኖቹ ወስደው ሊቶሪና ብለዋታል።

አንድ ትንሽ ማዞሪያ ልውሰድና ወደ ምዕራብ ልይ። በዚያው ዘመን የወለጋና የኢሉባቦር ቡና የሚወጣው በጋምቤላ ነበር። እንግሊዞች በ1902 በተፈረመው ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ይዘው፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም ይመጡ ነበር። ጋምቤላም ጭነት የሚፈታባት ነበረች፤ ከበቅሎና ከሰው ትከሻ ወደ ጀልባ። ግን ወንዙ የሚሞላው በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ባቡሩና በኋላም የመኪና መንገዱ የምዕራቡን ቡና ወደ አዲስ አበባ ሳቡት፤ ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ የጣቢያው ታሪክ አበቃ። የዛሬዋ ጋምቤላ ሌላ ታሪክ አላት፤ የወደብነቷ ግን በዚህ አበቃ። የምጨምረው ይህን ብቻ ነው። ጭነት የሚፈታበት ቦታ የራሱ ወርክሾፕ፣ የራሱ ሙያ፣ ከጭነቱ ሌላ የሚይዘው ነገር ካልኖረው ጭነቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

መኪናው የመጣው ከወረራው ጋር ነው። ኢጣሊያኖች የሠሯቸው መንገዶች፣ በተለይ ከአሰብ ወደ ደሴ የወጣው፣ ለባቡሩ የመጀመሪያው እውነተኛ ተወዳዳሪ ሆኑ። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቆራኘች በኋላ አሰብ በመንግሥት እንክብካቤ አደገች፤ የነዳጅ ማጣሪያውም በ1960ዎቹ ተተከለላት። ጭነቱ በከፊል ከሐዲዱ ወደ ጎማ ተዛወረ። በ1977 የሶማሊያ ጦር ሲገባ ድልድዮቹ ተቆርጠው ባቡሩ ለወራት ቆመ፤ ድሬዳዋ በዚያ ክረምት ተከላክላ ተረፈች። የቆመው ባቡር በኋላ ቢነሣም፣ በወራቱ ውስጥ ወደ አሰብ የሄደ ደንበኛ ሁሉ አልተመለሰም።

ከዚያም 1998 መጣ። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት አሰብ ተዘጋችና የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ ላይ ወደቀ። በወጣትነቴ ይህን ስሰማ፣ ነገሩ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ በልቤ «እንግዲህ ድሬዳዋ ትነሣለች» ብዬ ነበር። ካርታውን አላየሁም ነበር። ከጅቡቲ የሚወጣው ከባድ መኪና በጋላፊ ገብቶ፣ በሚሌና በገዋኔ አድርጎ፣ የአሰቡን መንገድ ይዞ አዋሽ ላይ ይወጣል። ድሬዳዋን አያያትም። ወደቡ ወደ ጅቡቲ ተመለሰ፤ መንገዱ ግን አልተመለሰም። ሾፌርና ረዳት የሚያድሩባቸው፣ ጎማ ጠጋኝና ምግብ ቤት የበዛባቸው ሎግያና ሚሌ አደጉ። በዚያው ጊዜ ሐዲዱ አርጅቶ፣ የ2000ዎቹ ዓመታት ሳያልቁ የአዲስ አበባው ባቡር መሄዱን አቆመ። አገሪቱ ጅቡቲን ከምንጊዜውም በላይ በፈለገችበት ጊዜ የጅቡቲ ባቡር ሞተ።

ድሬዳዋ በእነዚህ ዓመታት በምን ኖረች ለሚል፣ ታይዋን የሚባለውን ገበያ ሄዶ ማየት ይበቃዋል። ከድንበር የሚገባው ጨርቅ፣ ሽቶና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በጉምሩክ ዓይን ኮንትሮባንድ ነው። በታሪክ ጸሐፊ ዓይን ግን የጀልዴሳ መንገድ ነው፤ ባለቤቶቹ ሴቶች ሆነዋል እንጂ። በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ዕቃቸውን ከመቀመጫ በታች ደብቀው፣ ፈታሽ ሲመጣ እርስ በርስ እየተማለዱ የሚሄዱትን እናቶች እኔም በልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ አድርሰውበታል። ይህን የምለው ሕግ መጣስን ለማወደስ አይደለም። የአንድ አካባቢ ኢኮኖሚ በመዝገብ ከሰፈረው ብቻ እንደማይነበብ ለተማሪዎቼ ለማሳሰብ ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ ሙሉ አገልግሎት ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሐዲዱ ከአሮጌው ሰፋ ያለ ነው፤ ኃይሉም ከራሳችን ወንዞች የሚመነጭ ነው። በእኔ ግምት ከሠራናቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ጣቢያዎቹን ተመልከቱ። አሮጌው ባቡር ለገሃር፣ በከተማው ልብ ይቆም ነበር፤ አዲሱ በአዲስ አበባ በኩል ለቡ ላይ፣ በድሬዳዋም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ይቆማል። የእንፋሎት ባቡር ውኃ ስለሚጠማው በየጥቂቱ ርቀት መቆም ነበረበት፤ ኤሌክትሪኩ አይጠማም። ጭነቱ በታሸገ ኮንቴይነር ነው፤ ኮንቴይነር በመንገድ አይከፈትም። የሚከፈተው በደረቅ ወደብ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ሞጆ ነው። ከጀልዴሳ ወደ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሞጆ፤ ጭነት የሚፈታበት ቦታ በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ከበረሃው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ አገሪቱ መካከል ገብቷል። ስለዚህ በሐዲዱ ዳር ያለ ሕዝብ «ባቡሩ በእኛ በኩል ያልፋል» ሲባል ደስ ከማለቱ በፊት «ይቆማል ወይ? ሲቆምስ ምን ያወርዳል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የዕቅድ ሰነዶቻችን ሐዲድ ባለፈበት ልማት ይከተላል ብለው ሲጽፉ ይህ ጥያቄ ሲዘለል አያለሁ።

ባለፈው ጊዜ ይህን ሐሳብ በመምህራን ክበብ ሳነሣ አንድ የኢኮኖሚክስ ባልደረባዬ ጠንካራ ተቃውሞ አቀረበብኝ። «አንተ የምታዝንላቸው ከተሞች» አለኝ፣ «የሚኖሩት በሌላው መዘግየት ነው። ጭነት በወረደ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል። የጀልዴሳ ጮማ የአዲስ አበባ ድሃ የከፈለው ነው፤ የጨርጨር ቡና አምራችም የከፈለው ነው።» እውነቱን ነው። ይህን የምቃወምበት ቃል የለኝም፤ ባቡሩ ሲገባ የዕቃ ማጓጓዣ ዋጋ መውረዱን ማንም አይክደውም። የምለው ሒሳቡ የሁለት ሰዎች ሒሳብ መሆኑን ነው። የሚተርፈው አንዱ ነው፤ የሚከስረው ሌላው፤ ሁለቱም በአንድ ቦታ አይኖሩም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሳንቲም የቀነሰው ጨው አፍደም ላይ አንድ ሻይ ቤት ይዘጋል። ብሔራዊ ድምር ስንሠራ የመጀመሪያውን እናያለን፤ የአካባቢ ጂኦግራፊ የሚባለው ትምህርት ጥቅሙ ሁለተኛውንም ማየት ነው። ሻይ ቤቱ ይቀጥል አልልም። ተዘግቶ ሲቀር ግን ማን እንደከፈለ በመዝገብ ይስፈር እላለሁ።

ያለፈው ጥር ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር ወደዚያው አገር ለመስክ ጥናት ወርደን ነበር። ጀልዴሳን አየን። ተማሪዎቹ የኬላ ፍርስራሽ ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ፍየልና ሁለት ሦስት የቆዩ የድንጋይ ግድግዳዎች ናቸው። የመንደሩ ሽማግሌ የግመል ማራገፊያው የት እንደነበር በበትራቸው አሳዩን፤ ሜዳ ነው፣ ምንም የለበትም። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ እዚህ የሚታይ ነገር የለም እኮ» አለችኝ። ከዚያም አፍደም ገባን። የጣቢያው ሕንጻ አለ፤ ሐዲዱ በአሸዋ ተሸፍኗል፤ የውኃው ፉርጎ የሚቆምበት ቦታ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በዚያ ምሽት አባቴ በጣቢያ ጸሐፊነቱ ዘመን ለራሱ የያዘውን ደብተር ለተማሪዎቹ አሳየኋቸው። የድርጅቱ መዝገብ አይደለም፤ የግሉ ነው። በየቀኑ አፍደም ላይ ምን እንደወረደና ምን እንደተጫነ በአጭሩ ጽፏል። ውኃ፣ ስኳር፣ ማሽላ፣ ጋዝ፣ ፍየል፣ ቆዳ፣ ሙሽራ። አዎን፣ ሙሽራም ይጽፍ ነበር። ባቡር ሳይቆም ያለፈባቸው ቀናት ላይ ቀኑን ብቻ ጽፎ አጠገቡን ባዶ ይተወዋል። በመጨረሻዎቹ ገጾች ባዶዎቹ ይበዛሉ።

ያቺ ተማሪ አሁን በዚህ ደብተር ላይ የመመረቂያ ጽሑፏን እየሠራች ነው። በመሥመሩ ላይ የሠሩ ሰዎች በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይተዉ አልቀሩም፤ ከቤተሰባችሁ መካከል በሽሚንደፈር የሠራ ካለ እባካችሁ ሣጥኑን ክፈቱና እዩት። የአባቴን ደብተር ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ በፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ወረቀቱ ስለሚሰበር ገጹን በቀስታ ግለጡልኝ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።